ከሣጥን የወጣ በርኖስ፡- የቀደመውን አለባበስ አጥንቶ መልሶ መሥራት በሰሜን ሸዋ

በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ድል በዓል ሲከበር በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ለምድ የደረቡ፣ ጎፈር የደፉ፣ ጋሻና ጦር የያዙ ወጣቶችንና አዛውንቶችን ማየት የተለመደ ሆኗል። ልብሱን ለዕለቱ ብቻ ከገበያ የሚገዛ ወይም የሚከራይ አለ። ወራት ቀደም ብሎ ቅድመ አያቱ ምን ይለብሱ እንደነበር የሚጠይቅ፣ የቆዩ ፎቶግራፎችን የሚያገላብጥ፣ ፈታይና ሸማኔ አማክሮ ልብሱን በጥንቱ አሠራር ለማሠራት የሚደክምም አለ። ይህ ሁለተኛው መንገድ ከጊዜ ማሳለፊያነት አልፎ የታሪክ ጥናት መልክ ይይዛል።

የጥናቱ ጥቅም በአንድ ቀላል ምክንያት ይገለጻል። ልብስ ከሌሎች ቅርሶች ሁሉ ቶሎ የሚጠፋ ነው። ድንጋይ ዘመናትን ይሻገራል፤ ብራና በማኅደሩ ሆኖ ይቆያል። ጨርቅ ግን ለብሰውት ያልቃል፣ ብል ይበላዋል፣ ጸሐይ ያነጣዋል፣ ሲያረጅም ለጠጋኝና ለመወልወያ ይውላል። ከልብሱ ጋር አብሮ የሚጠፋው ደግሞ የአሠራሩ ዕውቀት ነው። አንዲት ፈታይ እንዝርቷን ስታስቀምጥ በእጇ ያለው ሙያ በጽሑፍ አልሰፈረም። የሰሜን ሸዋ ዞን፣ በተለይም ደብረ ብርሃን፣ አንኮበርና መንዝ፣ ይህ ጉዳይ ጎልቶ ከሚታይባቸው አካባቢዎች መካከል ይጠቀሳሉ።

መልሶ መሥራት ሲባል ምን ማለት ነው?

የታሪክ ልብስን መልሶ መሥራት ለመድረክ ከሚዘጋጅ አልባሳት ይለያል። ለቴአትር ወይም ለበዓል የሚሠራ ልብስ ከሩቅ ሲታይ የዘመኑን መልክ ከሰጠ በቂ ነው። መልሶ መሥራት ግን ልብሱ ከምን ዓይነት ፈትል፣ በምን ዓይነት ሽመና፣ በምን ዓይነት ስፌት እንደተሠራና እንዴት ይለበስ እንደነበር አጥንቶ፣ በተቻለ መጠን በዚያው መንገድ ሌላ ልብስ ማዘጋጀት ነው። ሥራው ሲጠናቀቅ አንድ ልብስና አንድ የጥናት መዝገብ ይገኛሉ ማለት ነው። ከሁለቱ የበለጠ ዋጋ ያለው መዝገቡ ነው፤ ምክንያቱም ልብሱ ቢያልቅ በመዝገቡ ተመርቶ ሌላ መሥራት ይቻላል።

በውጭው ዓለም ይህ ተግባር የራሱ ሥርዓት አለው። እንግሊዛዊቷ የአልባሳት ታሪክ ተመራማሪ ጃኔት አርኖልድ በየሙዚየሙ የሚገኙ የቆዩ ልብሶችን ሳይፈቱና ሳይቀዱ በመለካት፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በተመጣጠነ ልኬት በወረቀት ላይ በመንደፍ መጻሕፍት አሳትመዋል። ከእርሳቸው ወዲህ የተነሱ ልብስ ሰፊዎችና አጥኚዎች የሚከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሚገኘው ኮሎኒያል ዊሊያምስበርግ የተባለ የታሪክ ከተማም ባለሙያዎች የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ልብስ በዘመኑ መሣሪያና በእጅ ስፌት እየሠሩ ለጎብኚ ያሳያሉ። በእነዚህ አገሮች ይህ ሥራ በአብዛኛው የጠፋ ሙያን ከሙት መቀስቀስ ነው። በእኛ አገር ግን እንዝርቱም፣ ድውሩም፣ መወርወሪያውም ገና በሥራ ላይ ናቸው። ኢትዮጵያዊ አጥኚ ከመጽሐፍ ይልቅ ከሕያው ባለሙያ የመማር ዕድል አለው። ዕድሉ ግን በባለሙያዎቹ ዕድሜ የተወሰነ ነው።

አንኮበር፡- የሱፍ፣ የጥጥና የሐር መገናኛ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተመሠረተች ከተማ ነች። ከእርሷ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚደረስባት አንኮበር ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ያስተዳደሩት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የውጭ መልእክተኞችን ያስተናገዱት በአንኮበርና በአቅራቢያዋ ባለችው አንጎለላ ነው። የልጅ ልጃቸው ዳግማዊ ምኒልክም ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት በአንጎለላ ነው። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ከተመለሱ በኋላም መናገሻቸው ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ እስኪዛወር ድረስ አንኮበር የሥልጣን ማዕከል ሆና ቆይታለች።

ለአለባበስ ታሪክ ግን ከቤተ መንግሥቱ እኩል የሚጠቅመው የአንኮበር አቀማመጥ ነው። ከተማዋ በደጋው ጫፍ፣ ወደ አፋር ቆላ በሚያዘቀዝቀው ገደል አፋፍ ላይ ትገኛለች። በጀርባዋ የበግ አገር የሆነው ብርዳማው መንዝ አለ። በግርጌዋ ጥጥ የሚበቅልበት የይፋት ቆላ ተዘርግቷል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል እስከ ታጁራ ወደብ የሚደርሰው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበር። ስለሆነም ሱፍ ከላይ፣ ጥጥ ከታች፣ ሐርና ቀለም የገባ ፈትል ከባሕር ማዶ እየመጡ በአንድ ገበያ ይገናኙ ነበር። በአንኮበር አንድ ሰው የለበሰውን አይቶ ከደጋ ይሁን ከቆላ፣ ባለሥልጣን ይሁን ባላገር መገመት ይቻል የነበረውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ምንጮቹና ጥንቃቄያቸው

የዚህን ዘመን አለባበስ ለማጥናት የሚያገለግሉ ምንጮች በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ የጉዞ ጽሑፎችና ሥዕሎች ናቸው። በሻለቃ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ የልዑካን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ ገብቶ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተፈራርሟል። ሃሪስ የጉዞ ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1844 በሦስት ቅጽ አሳትሟል። ከቡድኑ ጋር የነበረው ጀርመናዊ ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ ደግሞ በሸዋና በአፋር ያያቸውን ትዕይንቶች የያዘ የሥዕል መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1852 ለንደን ላይ አውጥቷል። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርና ሚሲዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍም በዚያው ዘመን በሸዋ ቆይተው ያዩትን ጽፈዋል።

እነዚህ ምንጮች የማይናቅ ጥቅም ቢኖራቸውም እንዳሉ መቀበል አያስፈልግም። ሠዓሊው በቦታው የነደፈው ሥዕል በመጽሐፍ የወጣው በኅትመት ባለሙያ እጅ አልፎ ነው። ስለዚህ የጨርቁ እጥፋት፣ የጥለቱ ስፋትና የቀለሙ ድምቀት በመካከል ሊለወጥ ይችላል። ጸሐፊዎቹ ከገበሬው ጎጆ ይልቅ ቤተ መንግሥቱን፣ ከሴቶች ጓዳ ይልቅ የወንዶችን አደባባይ የማየት ዕድል ነበራቸው። በመሆኑም አንድ ዝርዝር ነገር በአንድ ሥዕል ላይ ብቻ ከታየ እንደ ጥርጣሬ፣ በሁለትና በሦስት ምንጭ ከተደገመ እንደ ማስረጃ መያዝ ይገባል።

ሁለተኛው ምንጭ በሙዚየም የሚገኝ ልብስ ነው። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየምና በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የነገሥታትና የመኳንንት አልባሳት ይገኛሉ። ከአገር ውጭ ካሉት መካከል በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘው የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ በስፋት ይታወቃል። ቀሚሱ በጥጥ ጨርቅ ተሠርቶ በሐር ጥልፍ ያጌጠ ሲሆን፣ በ1860 ዓ.ም. ከተካሄደው የመቅደላ ዘመቻ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደ ነው። ሙዚየሙ የዘመቻውን 150ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ2018 ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎችን ለእይታ ባቀረበበት ወቅትም ይኸው ቀሚስ ታይቷል። ይሁን እንጂ እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። የእርሳቸው ቀሚስ የዘመኑን የጥልፍ ጥበብ ያስረዳል እንጂ የአንኮበር እመቤቶች እንዲሁ ይለብሱ ነበር ለማለት አያበቃም። ቦታን ከዘመን ጋር አስተያይቶ መመርመር የአጥኚው የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ የአብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት ነው። ነገሥታትና መኳንንት ካባቸውንና የክብር ልብሳቸውን ለቤተ ክርስቲያን መስጠታቸው የቆየ ልማድ ነው። እነዚህ አልባሳት ንዋየ ቅድሳት በመሆናቸው ጥናቱ የሚካሄደው በአስተዳዳሪዎቹ ፈቃድና በእነርሱ እጅ ብቻ ይሆናል። የግድግዳ ሥዕሎችም እንዲሁ ያገለግላሉ። ሠዓሊዎች የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ሲሥሉ ባለጸጎችንና ወታደሮችን የራሳቸውን ዘመን ልብስ ማልበሳቸው አጥኚውን ይጠቅመዋል።

አራተኛውና በየቤቱ የሚገኘው ምንጭ የአዛውንቶች ትውስታና ሣጥን ነው። የአያት በርኖስ፣ የእናት የሙሽርነት ቀሚስ፣ በቤተ ዘመድ እጅ የቆየ ፎቶግራፍ የትኛውም ሙዚየም የማይሰጠውን ዝርዝር ይሰጣሉ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ የእደ ጥበብና የኢኮኖሚ ታሪክ፣ ፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን ደግሞ በመንዝ ቆይተው ስለ አካባቢው ኅብረተሰብ የጻፏቸው ሥራዎች ይህን የቃል መረጃ ለማገናዘብ ይረዳሉ።

በርኖስን መልሶ ለመሥራት

ሥራው በተግባር ምን እንደሚመስል ለመረዳት በደብረ ብርሃን የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የአያቱን በርኖስ መልሶ ለማሠራት ቢነሳ ምን ሊያደርግ እንደሚገባ እንመልከት። በርኖስ በደጋው አገር ከሱፍ ተሸምኖ የሚሠራ፣ ከትከሻ ላይ የሚደረብ ሙሉ ካባ ነው። ስሙ ከዐረብኛው ቡርኑስ ጋር አንድ ነው። የእኛው በርኖስ በአንድ ትከሻ በኩል ወደ ላይ በሚሾለው ጫፉ ይታወቃል።

የመጀመሪያው ተግባር መመዝገብ ነው። ልብሱ ሳይታጠብና ሳይተኮስ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ከፊትም ከኋላም ፎቶግራፍ ይነሳል። ርዝመቱ፣ የታች ዙሪያው፣ የአንገቱ ስፋትና የትከሻው ጫፍ ከፍታ በሴንቲ ሜትር ይለካል። አዛውንቶች ልኩን በክንድና በስንዝር የሚናገሩ ከሆነ እርሱም አብሮ መጻፍ አለበት። ሸማኔውም ሰፊውም ያሰቡት በክንድ ስለነበር፣ በሴንቲ ሜትር ሲለካ ትርጉም የሌለው የሚመስል ቁጥር በክንድ ሲታይ ሙሉ ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ጨርቁን መመርመር ነው። ጨርቁ ከስንት ስፋት ተጋጥሞ እንደተሰፋ መገጣጠሚያውን ተከትሎ ማየት ይቻላል። የእጅ ሽመና የሸማኔው ክንድ ከሚደርስበት በላይ ስለማይሰፋ ትልቅ ልብስ ሁሉ ከቁራጮች የተጋጠመ ነው። በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉት ድሮችና ማጎች ብዛት በማጉያ መነጽር ይቆጠራል። የፈትሉ አከራረር ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝም ይታያል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ካልተመዘገቡ ሸማኔው የሚሠራው የራሱን በርኖስ እንጂ የአያትየውን አይሆንም።

ሦስተኛው ሱፉን መምረጥ ነው። የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራና ጠንካራ ሲሆን፣ ከበጎቹ ብዙዎቹ ጥቁርና ቡናማ ናቸው። የጥንቱ በርኖስ ጥቁረት ከቀለም ሳይሆን ከበጉ ከራሱ የመጣ ነው። ስለዚህ ከውጭ በመጣ ለስላሳ ሱፍ ወይም በፋብሪካ ብርድ ልብስ ጨርቅ የተሠራ በርኖስ መልኩ ቢመሳሰልም ትከሻ ላይ አይቆምም፤ ይንጠለጠላል እንጂ። ደብረ ብርሃን በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመ የሱፍና የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ብትሆንም ለዚህ ሥራ የሚፈለገው የእጅ ፈትል ነው። በአካባቢው የመንዝን በግ ከአዋሲ ዝርያ ጋር የማዳቀል ሥራ ለዓመታት መካሄዱንም ማስታወስ ይገባል። ማዳቀሉ ለአርቢው የሥጋና የዕድገት ጥቅም ቢኖረውም የድቅሉ ጸጉር ከነባሩ በግ ጸጉር ይለያል። ስለዚህ ሱፉ ከየትኛው በግ እንደተሸለተ መጠየቅ ከጥናቱ አንዱ ክፍል ነው።

አራተኛው ከሸለታ በኋላ ያለው ሂደት ነው። ሱፉ ይታጠባል፣ ይፍታታል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያም ሸማኔው ድሩን አድርቶ ይሸምነዋል። ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽና ሲረገጥ የሚሸማቀቅና የሚጠብቅ መሆኑ ከጥጥ ይለየዋል። ዝናብ የማያስገባና ነፋስ የሚመክት ጨርቅ የሚገኘው በዚህ ባሕርይው ነው። በየቤቱ ምን ያህል ጊዜ፣ በምን ዓይነት ውኃ፣ በእጅ ወይስ በእግር ይሠራ እንደነበር ግን መልሱ ያለው በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌና በአካባቢያቸው በሚገኙ አዛውንት ባለሙያዎች ዘንድ ነው። ባናና ዝተት የሚሠሩ እጆች ዛሬም በመንዝ ስላሉ ጥያቄው ሳይዘገይ ሊቀርብ ይገባል።

የመጨረሻው ተግባር መልበስ ነው። መልሶ የተሠራ ልብስ በሥራ ላይ ውሎ ካልታየ ጥናቱ ሙሉ አይሆንም። በርኖሱን ለብሶ በጠዋት ብርድ የሄደ፣ በፈረስ የተቀመጠ፣ ዝናብ የመታው ሰው የልብሱ ቅርጽ ለምን እንደዚያ እንደሆነ በአካሉ ይረዳል። ይህን ዓይነት ዕውቀት ሥዕል ብቻ እያዩ ማግኘት አይቻልም።

ሸማውና አለባበሱ

ሱፍ የደጋው ልብስ ቢሆንም የአንኮበር አደባባይ ዋና ልብስ የጥጥ ሸማ ነበር። ጥጡ ተዳምጦና ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ይጠነጠናል፤ ድሩ ደርቶ፣ ማጉ በመወርወሪያ እየተላለፈ ይሸመናል። ነጠላው ስስ፣ ጋቢው አራት እጥፍ፣ ቡልኮው ከወፍራም ፈትል የተሠራ ነው። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ በቀደመው ዘመን ማንም እንደ ፈቀደ የሚለብሰው ሳይሆን የማዕረግ ምልክት ነበር። ለምድና ካባም ለጀግንነትና ለአገልግሎት ከንጉሥ እጅ የሚሸለሙ ነበሩ። ስለዚህ የአንድን ባላገር ልብስ መልሶ ለመሥራት የተነሳ ሰው ለምድ ካከለበት ሰውየውን ሳያውቅ ሾመው ማለት ነው።

የአለባበስ ታሪክ በጨርቁ ብቻ አያበቃም። ሸማ አዝራርም ቅድም የሌለው ልብስ በመሆኑ ትርጉሙን የሚያገኘው ከአደራረቡ ነው። በጌታ ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ከደረቱ ወይም ከወገቡ ላይ በመታጠቅ ያደገድጋል። ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ያዘቀዝቃል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ መስቀለኛ ያጣፋል። ብርድ ወይም ኀፍረት ሲኖር መከናነብ አለ። ወንዶች ከሸማው ሥር ሱሪና ወገብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠመጠም ድግ፣ ሴቶች ሰፊ ቀሚስና መቀነት ነበራቸው። አንድ ሰው ትክክለኛውን ሸማ አሠርቶ ጥለቱን በሐዘን አደራረብ ለብሶ በድል በዓል ቢገኝ ጨርቁ እውነት፣ አለባበሱ ግን ስሕተት ይሆናል። የዛሬ ወጣቶች ይህን ሥርዓት ከቤተሰብ ሽማግሌዎች በቀላሉ ሊማሩት ይችላሉ።

ዘመንን የሚያዛቡ ስሕተቶች

በዓድዋ በዓል ላይ በተደጋጋሚ ከሚታዩ ስሕተቶች አንዱ ዘመንን ማቀላቀል ነው። ካኪ የደንብ ልብስና የቆዳ ገምባሌ በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ዘመን ከነበሩ አርበኞች ፎቶግራፎች ተቀድተው በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተውን ሠራዊት እንዲወክሉ ይደረጋሉ። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል 40 ዓመት አለ። በዓድዋ የተሰለፈው አብዛኛው እግረኛ በነጭ ሸማና በጥጥ ሱሪ፣ በባዶ እግሩ የዘመተ ባላገር ነበር። ለምድና ጎፈር የጀግኖችና የመኳንንት ነበሩ። ሁሉም ሰው ጎፈር ሲደፋ የበዓሉ ድምቀት ይጨምር ይሆናል፤ ነገር ግን ድሉን ያስገኘው ባላገር ከትዕይንቱ ይጠፋል።

የአንድን አሮጌ ልብስ ዕድሜ ለመገመት የሚያስችሉ ጥቂት መለያዎችም አሉ። ሰው ሠራሽ ቀለም በዓለም ላይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1856 በመሆኑ በዚህ ቀለም የተነከረ ፈትል ያለበት ጥለት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሊሆን አይችልም። እኩል የሆነና እብጠት የሌለበት ፈትል የመኪና ፈትል መሆኑን ይጠቁማል። አቡጀዲ ከባሕር ማዶ በፋብሪካ ተሠርቶ የገባ ጨርቅ ነው። ቀጥ ያለና ከሁለት ክር የተያያዘ ስፌት የስፌት መኪና ሥራ ነው። ከልብሱ በራሱ የወደቀ ክር ከተገኘም በእሳት መለየት ይቻላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፤ ሱፍና ሐር የተቃጠለ ጸጉር ይሸታሉ፤ ሰው ሠራሽ ክር ደግሞ ቀልጦ ይጠነክራል። ይሁንና ለዚህ ተብሎ ከቅርስ ላይ ክር መምዘዝ ፈጽሞ አይገባም።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የሚዳሰሱም ሆኑ የማይዳሰሱ ቅርሶችን ያካትታል። በዚህ አተያይ የቆየ በርኖስ የሚዳሰስ፣ የአሠራሩ ዕውቀት ደግሞ የማይዳሰስ ቅርስ ነው። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ማጽደቋም ይታወቃል። የሕግ መሠረቱ ካለ ቀሪው በየደረጃው የሚሠራ ሥራ ነው።

የባህል መሥሪያ ቤቶች የቅርስ ምዝገባ ሲያካሂዱ ከዘውድ፣ ከመስቀልና ከብራና ጎን ለጎን የቤተሰብ አልባሳትን ቢያካትቱ ብዙ ወጪ አይጠይቃቸውም። ፎቶግራፍ፣ ልኬት፣ የጨርቁ ዓይነት፣ የለባሹ ታሪክና የባለቤቱ ፈቃድ በአንድ ገጽ ላይ ሊሰፍሩ ይችላሉ። ልብሱ ከባለቤቱ እጅ መውጣትም አያስፈልገውም። ለባለቤቱ ሊሰጥ የሚገባው ምክር ከጸሐይና ከእርጥበት እንዲያርቀው፣ በዚያው እጥፋት ላይ ደጋግሞ እንዳያጥፈው፣ በላስቲክ ሳይሆን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ እንዲያስቀምጠውና ብል እንዳይገባው በየጊዜው ከፍቶ እንዲያየው ነው።

ለኪነት ቡድን ወይም ለበዓል አልባሳት ግዥ የሚፈጽሙ መሥሪያ ቤቶችም በጨረታ ሰነዳቸው ላይ «የባህል ልብስ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ የየትኛው አካባቢና የየትኛው ዘመን እንደሆነ፣ ጨርቁ የእጅ ሽመና መሆን አለመሆኑን ለይተው ቢጽፉ ገንዘቡ ከውጭ ከሚገባ የታተመ ጨርቅ ይልቅ ለአካባቢው ፈታይና ሸማኔ ይደርሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ይታወሳል። የዛሬው ክብር ከቃል አልፎ በተገቢ ዋጋ ሊገለጥ ይገባል።

መልሶ የተሠራ ልብስ ላይ የሠሪው ስምና የተሠራበት ዓመት በውስጥ በኩል መሰፋቱም አስፈላጊ ነው። ምልክት የሌለው ጥሩ ቅጂ ከዓመታት በኋላ ጥንታዊ ነው ተብሎ ሊሸጥ ወይም የታሪክ አጥኚን ሊያሳስት ይችላል። በተቃራኒው እውነተኛው ቅርስ «አዲስ ሥራ ነው» በሚል ሽፋን ከአገር እንዳይወጣም ምልክቱ ይረዳል። ከአገር ለሚወጣ ቅርስ ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑን ሻጭም ገዥም ሊያውቁት ይገባል።

በአንኮበር ኮረብታ ከቀድሞው ቤተ መንግሥት ዛሬ የሚታየው የግንብ ፍርስራሽ ነው። ግንቡን ያየ ጎብኚ በውስጡ ይመላለሱ የነበሩትን ሰዎች በዓይነ ሕሊናው ለመሣል ልብሳቸውን ማወቅ ይኖርበታል። ያ ዕውቀት በአብዛኛው በሣጥን ውስጥና በአዛውንቶች አንደበት ላይ ነው ያለው። ለዘመን መለወጫ ወይም ለፋሲካ ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ ሣጥኑን አስከፍቶ ልብሱ የማን እንደነበር፣ ማን እንደፈተለውና ማን እንደሸመነው፣ መቼና እንዴት ይለበስ እንደነበር ሦስት ጥያቄ ጠይቆ መልሱን በወረቀት ቢያሰፍር ጥናቱን ጀመረ ማለት ነው። ፈታይዋ በሕይወት ካለች ደግሞ አራተኛው ጥያቄ ለእርሷ ይሆናል። እርሱም እንዝርቱን አንስታ እንድታሳየው መለመን ነው።